ድርቆሹን ከቆጥ ማውረድ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ፈረሱ ብቻ ነው። ልጆቹ ሁሉም ከተማ ገብተዋል። ጋጣውን ከመደቤ የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ድርቆሹን ሲያኝክ እሰማዋለሁ። ለብቸኛ ሰው ይህም ወሬ ነው።

አምና ክረምቱ እንደወጣ ፈረሱ ማሳል ጀመረ። አፍንጫው ይዝረበረባል፤ ወደ አርብ ገበያ ስንወጣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ይቆምና ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። ብርድ መታው ብዬ የጋጣውን መስኮት በጭቃ ደፈንሁት። አልሻለው ሲል ቅጠል አጨስሁለት። ጭራሽ ባሰበት።

አብሮ አደጌ የሆነ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብሎ፣ "አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ? ወስደህ ሜዳ ላይ ልቀቀው እንጂ። ይኸ እንደሁ የጅብ ነው" አለኝ። በእኛ አገር ያረጀ የጋማ ከብት እንዲሁ ነው የሚሸኘው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። እኔ ግን፣ እሱ ከሄደ ከግድግዳው ማዶ ምን ልሰማ ነው?

በማግስቱ ቀስ እያልሁ እየሳብሁ ወደ ከብት ሐኪሟ ወሰድሁት። ልጅ እግር ናት። ደረቱን በመሣሪያዋ አዳምጣ ስታበቃ፣

"አባቴ፣ ድርቆሹን የት ላይ ነው የሚሰጡት?" አለችኝ።

"ከቆጡ ላይ፣ ከራሱ በላይ አስሬ። ፈረስ እኮ ነው ልጄ፣ እንደ አህያ ከመሬት ይልቀም?"

"ሜዳ ላይ ሲግጥስ አንገቱ ወዴት ነው?"

"ወደ መሬት።"

"ታዲያ ቤት ሲገባ ሰማይ እንዲግጥ ማን ፈረደበት?"

ሳቄም እፍረቴም አንድ ላይ መጡ። ያከበርሁት መስሎኝ ነበራ። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ለካ በጎተተ ቁጥር የድርቆሹ ብናኝና ሻጋታ አፍንጫው ላይ ይራገፍ ኖሯል፤ መስኮቱን ስደፍን ደግሞ ብናኙን ከነጭሱ አብሬ ቆለፍሁበት።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ባለቤቴን አሰብሁ። እሷ ድርቆሹን ደጅ አውጥታ ታራግፈው፣ ውኃም ትነክረው ነበር። "ደሞ ድርቆሽ ማጠብ ጀመርሽ?" እያልሁ እቀልድባታለሁ። "የምትበላው አንተ አይደለህ፣ ምን ቸገረህ!" ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋት።

መስኮቱን ከፈትሁ። ክምሩን ከጋጣው አራቅሁ፤ ሻጋታ ሻጋታ የሚለውን ጣልሁ። አሁን ድርቆሹን ነፋስ ላይ አራግፌ፣ ጥቂት ነክሬ፣ ውኃውን አንጠፍጥፌ በተጠረገ መሬት ላይ አኖርለታለሁ። የተረፈውን ርጥብ ሳይኮመጥጥ አነሳዋለሁ። ድሮ ጠዋት አንዴ ከምሬለት ነበር የምሄደው፤ አሁን በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እሰጠዋለሁ። የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ጊዜ ሞልቶኛል።

ሳሉ ቀለለ እንጂ ጨርሶ አልለቀቀውም። ዳገት አላስወጣውም፤ ገበያም በእግሬ ነው የምሄደው።

ሰሞኑን ያ ጎረቤቴ በደጄ ሲያልፍ፣ "እስካሁን አልለቀቅኸውም?" አለኝ።

"ምሳ ላይ ነው" አልሁት።

ሳቀ። ሲስቅ ደስ አለኝና፣ "ግባና ትንሽ አረፍ በል" አልሁት።

"መሽቶብኛል" ብሎ ሄደ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። እኔም ወደ ጋጣው ገብቼ ፈረሱ በልቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥሁ።