ከጃንጥላ ዘንግ የተሠራው ክንድ

ይህ የሸክላ ማጫወቻ ስምንት ሺህ ብርና የባለቤቴን ኩርፊያ አስወጥቶኛል። ጉርድ ሾላ፣ ሱቄ በር ላይ አንድ ወጣት ይዞት መጣ። መርፌውን የሚሸከመው ክንድ ከሸምበቆ የተሠራ ነው። ሳየው የልጅነቴ ማጫወቻ ትዝ አለኝና ሳልከራከር ገዛሁት። ለነጋዴ ይህ በሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ጋሽ ላቀው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። የማጫወቻቸው ክንድ ቢሰበር በጃንጥላ ዘንግ ተኩት። ከኋላ የሚያመዛዝነው ክብደት ስላልነበራቸው ከእናቴ ሱቅ የሚዛኗን ትንሿን ድንጋይ ወሰድኩላቸው። እናቴ የዚያን ቀን ስኳር የሸጠችው በግምት ነው።

መሞከሪያው ግን የእኔ ሸክላ ሆነ። አዲስ ጫማዬን ሰጥቼ የለወጥኩት፣ ያለኝ አንድ ሸክላ።

“ጋሼ፣ ቢቧጭረውስ?”

“መርፌ ከከበደ ያርሳል፤ ከቀለለ ይዘላል። እስኪ ይህን እናዘፍነው” አሉ፣ ድንጋዩን በጣታቸው ገፋ መለስ እያደረጉ። ክፍሉ ለብየዳ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸት ነበር።

መርፌው አረፈ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ የዘፈኑ ጥሩምባ ቤቱን ሞላው። ተነስቼ ጨፈርኩ። ወለሉ ጣውላ ነበርና መርፌውም አብሮኝ ዘለለ።

“አንተ፣ ወይ ጨፍር ወይ ስማ” አሉኝ።

ትናንት ያንኑ ሸክላ በሸምበቆው ክንድ አጫወትኩት። ጥሩምባው ጋ ሲደርስ ዘለለ። ያዘለለው የዚያን ቀን ጭፈራዬ የተወው ጭረት ይሁን የሸምበቆው ቅለት፣ የሚነግረኝ የለም።

ሂሳቡ ይሄ ነው፤ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ሸክላ፣ ትርፍ የለም።