ማሽኑ ያየው የአበራሽ ጣት

አበራሽ የመሥሪያ ቤቱን ሊሾ ወለል በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ትፈትጋለች። ጓንት ቢሰጧትም፣ ብሩሹ ያመልጠኛል ብላ አታጠልቀውም። ከታች ጋይንት ወጥታ ንፋስ መውጫ ከገባች ጀምሮ የሰው ልብስ አጥባለች፣ የጠላ ቤት ጋን አጥባለች፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወንዝ ጠጠር ሙልጭ ብሏል።

በዚያ ክረምት በሩ ላይ የጣት አሻራ ማሽን ተተከለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቀለመ ወርቅ፣ «ማሽኑ የማያውቀው ሰው ሠራተኛ አይደለም» አለ። ማሽኑ አበራሽን አላወቃትም። በየጠዋቱ ቀይ መብራት እያበራ መለሳት።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ላንቺ ብቻ?»

ቢሆንም አቶ ቀለመ ወርቅ ታግሦ ያስገባት ነበር፤ ማሽኑ አዲስ ነበርና እሱም ሙሉ በሙሉ አላመነውም።

የኮምፒውተር ባለሙያው ኢዮብ አዘነላት። «አይዞዎት፣ እትዬ። ማሽኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ጣትዎን ሲያይ ምን እንዳየ ያውቃል፤ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ግን ‹አልታወቀም› ብቻ ይላል። የደበቀውን እንዲያነቡት እከፍትላቸዋለሁ። ያኔ የማሽኑ ጉድ ይወጣል።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።»

ከፈተው። ማን ይየው፣ ማን አይየው ብሎ ግን አላሰበም። የአበራሽ ጣት በየጠረጴዛው ስክሪን ላይ ወጣ። የሌላው ሰው ጣት እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው፤ የእሷ ነጭ ባዶ። ከግርጌው፣ «መሣሪያው ደኅና። የአሻራ ጥራት፦ ዜሮ» ይላል።

ጸሐፊዋ ማሚቴ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ኑ እዩ! እትዬ አበራሽ ጣታቸውንም በበረኪና ጠርገውታል!»

ከዚያ ወዲያ አበራሽ ጣቷን ባስነካች ቁጥር የሂሳብ ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ዜሮ!» እያለ ይጮህ ጀመር። አንድ ቀን አብራቸው ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አቶ ቀለመ ወርቅም መጥቶ ስክሪኑን አየ። አበራሽ ኮሪደሩን እያሸች ትሰማለች።

«ይኸው ማሽናችን ጤነኛ ነው። የተበላሸችው እሷ ናት።»

«ያለ አሻራ፣ በምስጢር ቁጥር ልትገባ ትችላለች» አለ ኢዮብ። «ቀላል ሥራ ነው።»

«ለአንዲት ወለል ጠራጊ ብለን? ጣት ያላት እንቀጥራለን።»

ኢዮብ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የሥራ ውሉን የሚያድስለት ይኸው ሰው መሆኑን አበራሽም ታውቃለች።

ማሚቴ ብቅ አለች። «እትዬ ዜሮ! ውሃ አልቋል፣ ከቦኖ ቅጂ።»

አበራሽ ጀሪካኑን አንሥታ ወጣች። ቦኖው ዘንድ ሰልፍ ነበር። ጀሪካኑን ከሰልፉ ኋላ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አጣፋችና የቤቷን መንገድ ያዘች። ሴቶቹ ባዶውን ጀሪካን በእግራቸው እየገፉ ወደፊት አስጠጉት፤ ተራው ሲደርስ ባለቤት አጡለት።

ማሚቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይቺ ሴትዮ ውሃውን የምትቀዳው ከዓባይ ነው?» ትላለች።