ጠፈሩንማ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ

ውኃውን አጽንቶ ጠፈር ያደረገ፣ ከጠፈሩም በታች ለሰውና ለእንስሳ የሚተነፍሱትን አየር ሳይሰስት የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ጣራ ሠሪ የጠየቀኝን ጥያቄና ጥያቄው የቀሰቀሰብኝን ትዝታ እጽፋለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን እንዲጠግንልኝ የጠራሁት ጎልማሳ ከላይ ሆኖ ሲረማመድ፣ ከጓዳዬ ምድጃ ትይዩ ያለችውን አሮጌ ክዳን በእግሩ ነካት። የቆየ ጥቀርሻ ረግፎ ጋቢዬ ላይ ወደቀ። አንስቼ አሸተትኩት። ስንት ዘመን አልፎበት እንኳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ወዲያው በቀዳዳው በኩል የብርሃን ዘንግ ወረደ።

«መሪጌታ፣ ይቺን ቀዳዳ ሰው ነው አውቆ የከፈታት ወይስ ነፋስ ነው? ልድፈናት?» አለኝ።

«ቆይ፣ ሌላውን ጨርስ» ብዬው ተቀመጥኩ።

ዘመኑ ደርግ ነበር፤ በሰሜን ድርቁ ሰውን ከቀዬው ያፈናቀለበት ወቅት። እኔ ከጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት ወጥቼ፣ ካህን የነበሩት አጎቴ ዘንድ ጉለሌ መጥቼ ነበር። ማለዳ ማለዳ በዲቁና አገለግላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እገባለሁ። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ገሚሱ «ዲያቆን» ሲለኝ ገሚሱ ደግሞ በጊዜው አጠራር «ጓድ ዲያቆን» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከጸሎት በቀር የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የሚያልፉ ሳምንታት ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ ጡሩንባውን ሲነፋና ሠራተኛው በአንድነት ሲወጣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አይ ነበር፤ የሚጠብቀኝ ስለነበረ አይደለም፤ እየተጠራራ የሚሄድ ሰው ማየት ደስ ይለኝ ስለነበረ ነው።

ብቻዬን በምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ሌላ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከመች የምታወርድ ሴት ናት። የልጅቷ ልብስ ጭስ ጭስ ስለሚል አጠገቧ የሚቀመጥ አልተገኘም። እኔ ግን ሽታውን ወደድኩት፤ የጉባኤ ቤታችንን ጎጆ ያስታውሰኝ ነበር። ይህን አንድ ቀን ብነግራት ዞር ብላ አየችኝና፣ «ሰው ለማመስገን ሌላ ነገር አጣህ?» አለችኝ። በዚያው ተግባባን።

በዚያው ዓመት በቀበሌው አዳራሽ የተማሪዎች ክርክር እንደሚካሄድ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ። ርዕሱ «ጠፈርን መመርመር ለሰው ልጅ ይበጃል ወይስ አይበጅም» የሚል ነበር። ተከራካሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀርባሉ። ሽልማቱ አንድ አዲስ የላምባ ቡታጋዝ ከአንድ ጀሪካን ላምባ ጋር ነው። ላምባ ያኔ በወረፋ ነበር፤ ሰዎች ጀሪካኖቻቸውን በሲባጎ እርስ በርስ አስረው በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ያሰልፉና ቀናት ይጠብቁ ነበር።

ልጅቷ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የእናቷ ዓይን ሁልጊዜ ያለቅስ ነበር፤ ሳሉም ከዓመት ዓመት አይለቃትም። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ከጭስ ራቂ» ቢላት፣ «እሺ፣ ጭሱን እርቃለሁ፤ ወጡን ማን ያብስለው?» ብላ እንደመጣች ልጅቷ ነግራኛለች። እንግዲህ ያ ቡታጋዝ ለሌላው ሽልማት፣ ለእሷ ግን የእናቷ ትንፋሽ ነበር።

«አብረን እንግባ» አለችኝ። ዕጣ ስናወጣ «አይበጅም» የሚለው ወገን ደረሰን።

በቤታቸው ተቀምጠን ሥራውን ተከፋፈልን። ያቺ ቤት አንድ ክፍል፣ ጣራዋም በሚስማር ቀዳዳ የተወጋ አሮጌ ቆርቆሮ ነበር፤ ቀን ቀን በየቀዳዳው የሚገባው ብርሃን በጭሱ መካከል እንደ ፈትል ተወጥሮ ይታያል። እሷ ስለ ጭስ፣ ስለ ደንና ስለ ነዳጅ ልትናገር፣ እኔ ደግሞ ስለ ጠፈር ልከፍት ተስማማን።

«ጠፈሩን ግን ታውቀዋለህ?» አለችኝ በጥርጣሬ።

«ጠፈሩንማ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ» አልኳት።

አልዋሸኋትም። በእኛ ትምህርት ጠፈር ማለት እግዚአብሔር በዕለተ ሰኑይ ከውኃ አጽንቶ ከምድር በላይ እንደ ቤት ጣራ የዘረጋው ነው። መምህሬ ፊት ቆሜ ሥነ ፍጥረትን ስተረጉም አንድ ቃል አልሳትኩም ነበር። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሮኬት የሚሄድበትን ባዶ ስፍራ ከተሜው «ጠፈር» እያለ እንደሚጠራው ግን ሬዲዮ በማይገባበት ጉባኤ ቤት ላደግሁት ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ በሙሉ ልብ የሠራሁት ያንን ነው።

የክርክሩ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የቆመ ሁሉ ነበረ። ከዳኞቹ አንዱ የጂኦግራፊ መምህራችን ሲሆኑ፣ መካከል ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። የ«ይበጃል» ወገን ተናጋሪ ወንድሙ ሶቪየት ኅብረት የሚማር፣ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ነበር። ስለ ሮኬቶች ከተናገረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከላይ የሚያይ ዓይን ቢኖረን ኖሮ ደመናው እንደራቀ ቀድመን ባየን፤ እህሉንም ቀድመን ባዘጋጀን» አለ። በየቤቱ ከድርቁ አገር የመጣ ዘመድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ልጁ እውነት ነበረው።

ተራው የእኔ ሆነ። ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ፤ ጠፈር መቼ እንደተፈጠረ፣ ከምን እንደጸና፣ ከላዩ ያለው ውኃ ከታቹ ካለው በምን እንደሚለይ በዜማ ያህል አሳምሬ አስረዳሁ። በመጨረሻም፣ «ጠፈር የቤታችን ጣራ ከሆነ፣ ሰው ከጣራው ሥር ተቀምጦ ጣራውን ለምን ይነድላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

መጀመሪያ ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ ከመስኮቱ በኩል አንዱ፣ «ጓድ ዲያቆን፣ ሮኬቱ ጣራው ላይ ተላተመ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናደ። የጂኦግራፊ መምህሩ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም ነበር። ዞሬ ልጅቷን አየኋት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለታችን ስለ ሁለት የተለያየ ጠፈር ስናወራ እንደከረምን ለእሷ ቀድሞ ገብቷት ነበር።

ተነስታ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ወረቀቷን አጥፋ ያዘችው እንጂ አላነበበችውም።

«ጓደኛዬ ጣራ ያለው ትክክል ነው» አለች። «እኛ ቤት ጣራ አለ፣ የጭስ መውጫ ግን የለም። እናቴ እርጥብ ቅጠል ስታነድ ጭሱ መጀመሪያ ከላይ ይሞላል። ያኔ ማናችንም ግድ አይሰጠንም። ከዚያ እየወረደ እየወረደ ተቀምጠን ሳለ ዓይናችን ጋ ይደርሳል። መምህራችን የመኪናውም የፋብሪካውም ጭስ አየር ላይ እንደሚቀር፣ ሙቀቱንም እንደሚይዝ አስተምረውናል። ብዙ የሚያነዱት ሌሎች ናቸው፤ ጣራው ግን የሁላችንም አንድ ነው። እንጦጦ ላይ ዛፍ አትንኩ ተባልን፤ ዘበኛው የእናቴን ሸክም ቀማት። ላምባ ስንጠይቅ ተራ ጠብቁ ተባልን። ነዳጁ መጀመሪያ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ማነው?»

ሊቀመንበሩ በእስክርቢቷቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ጓድ፣ ርዕሱ ጠፈር ነው እንጂ ላምባ አይደለም።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ቤት ሁለቱ አንድ ናቸው» አለችና ተቀመጠች።

የሳቀ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ከኋላ በኩል ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላ ተከታይ ሲያጡ ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መለሱ።

ተሸነፍን። ውጤቱ ሲነበብ በጥቂት ነጥብ እንደተበለጥን፣ ነጥቡም የጎደለው «የመጀመሪያው ተናጋሪ ከርዕሱ ውጭ በመሄዱ» እንደሆነ በግልጽ ተነገረ። ቡታጋዙ በአሸናፊው ልጅ ትከሻ ላይ ሆኖ በበሩ ሲወጣ፣ ፀሐይ ነሐሱ ላይ አርፋ አብለጨለጨችው።

እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ አብረን ሄድን። ከሥር የሚያልፈው ውኃ የፋብሪካው ቀለም ገብቶበት በዚያ ቀን ሐምራዊ ነበር። ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ስፈልግ፣ እሷ ድንገት የእኔን ድምፅ አስመስላ፣ «ጠፈሩንማ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ» አለችና የድልድዩን ብረት ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችው። የሳቅ እንባ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

እናቷ ደጃፍ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። «እንዴት ሆናችሁ?»

«ተሸነፍን።»

«ማን አሸነፈ?»

«ሮኬቱ» አለቻት ልጅቷ።

እናቷ ጥቂት አሰብ አደረገች። «እሱስ ላምባ አያልቅበትም?» አለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከአጎቴ መሰላልና መጋዝ ተውሼ ቤታቸው ሄድኩ። ጣራው ላይ ስወጣ እናቷ ከታች አንጋጣ፣ «ዲያቆን፣ በሰንበት ምድር እዚያ ላይ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ።

«ጠፈሩን ልመረምር ነው እማማ። ለታመመ የሚደረግ ነውና በሰንበትም አይከለከልም።»

ከምድጃው ትይዩ ቆርቆሮውን ቆርጬ አነሳሁ፤ በአራት የባሕር ዛፍ ችንካር ደግፌ ከላዩ ዝናብ የሚከልል ክዳን ቸነከርኩበት። ጣራውን የሚነድል ሰውን በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የተቃወምኩት እኔ፣ በማግስቱ ጣራ ነዳይ ሆንኩ። ቁልቁል ስመለከት ልጅቷ መሰላሉን ይዛ ቆማ ነበር። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ወርዶ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ጭሱም ያንኑ የብርሃን ዘንግ ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ እኔ ወጣ። እናቷ ከውስጥ ሳትስል ረጅም ትንፋሽ ስትስብ ሰማን።

«አሁን ገና ጠፈሩን አወቅከው» አለችኝ ልጅቷ።

አንድ ነገር ልነግራት የተገባኝ ያኔ ነበር። ሚስማሩ በጥርሴ መካከል ነበረና ዝም አልኩ። ሚስማሩን ካወጣሁት በኋላም ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት በመምህርነት ሠልጥና ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመደበች። አውቶቡስ ተራ ስሸኛት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናቴን አደራ። ክዳኗንም በየክረምቱ እይልኝ።» ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በሁለተኛው፣ «እዚህ ጠፈሩ ሣር ነው፤ ጭሱ ማንንም ሳያስፈቅድ በሣሩ መካከል ይወጣል፤ አንተ ብትኖር ሥራ ትፈታ ነበር» ብላ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ያስተማረችበት ከተማ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ «እንዲህ ያለች መምህርት ነበረች» የሚል እንጂ «እዚህ አለች» የሚል አላገኘሁም።

አደራዬን ግን ጠበቅሁ። አጎቴ ሲያርፉ ከእናቷ ጋር አንድ ቤት ሆንን፤ እሷ «ልጄ» ትለኝ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እየተከራከርን ኖርን። እስክታርፍ ድረስ በየሰኔው እየወጣሁ ክዳኗን እቸነክር ነበር። ቤቱም ለእኔ ቀረ።

ዛሬ የማበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይም ከዋክብት ለማየት ጣራው የሚከፈት ቤት እንደተሠራ ሰምቻለሁ። የነገረኝ ሰው ለምን ብቻዬን እንደሳቅሁ አልገባውም። እሷ ብትሰማው ኖሮ ታስረዳው ነበር።

ጣራ ሠሪው ሥራውን ሲጨርስ ወርዶ ፊቴ ቆመ። «መሪጌታ፣ ቀዳዳዋ ቀረች እኮ። ጭስ የለዎት፣ ምን ያደርግልዎታል? ዝናብ ነው የሚያስገባብዎት።»

«ክዳኗን ብቻ አጥብቅልኝ፤ ቀዳዳዋን አትድፈናት» አልኩት።

«የሰው አደራ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀኝም። አጥብቆልኝ ሄደ። ከሄደም በኋላ ብርሃኑ በክዳኗ ጎን ሾልኮ እንደ ወትሮው ወረደ፤ ይዞት የሚወጣ ጭስ አጥቶ ግን ከምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በአንዱ ጠፈር ሥር በጤና ያኑራችሁ፤ የምትተነፍሱትን አየር ለእናንተም ለልጆቻችሁም ንጹሕ ያድርግላችሁ። ከቤታችሁ ወጥቶ የቀረ ሰው ካለም፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ምድጃው ሳይቀዘቅዝ ይመልስላችሁ። አሜን።