ኤሌክትሮንና መርዶ

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከመጽሐፉ ሁሉ የምጠላው አንድ ምዕራፍ አለ፤ ኳንተም የሚሉት። የሚመጣው በአጨዳ ሰሞን፣ የተማሪዎቹ ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። እኔም በዓይኔ አይቼው፣ በእጄ ነክቼው የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ። «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉኛል። አይመጣም ብላቸው ሁሉም እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ስለዚህ ይመጣል እላቸዋለሁ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች እሥላለሁ። ኤሌክትሮን አንድ በአንድ በስንጥቆቹ በኩል ብንልክ፣ እያንዳንዱ ከወዲያ ያለው ገበታ ላይ ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ግን ሞገድ ብቻ የሚሠራውን ዝንጉርጉር መስመር ይሠራሉ። ታዲያ አንዱ ኤሌክትሮን ያለፈው በየትኛው ስንጥቅ ነው? መልስ የለም። እኛ ስላላወቅን አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ገና አልተወሰነም። በየትኛው እንዳለፈ የሚለይ መሣሪያ ያስቀመጥን ዕለት ደግሞ ዝንጉርጉሩ ድራሹ ይጠፋል። «መቼ ነው እንግዲህ የሚወሰነው?» ሲሉኝ «ሰው ሲያየው» እላቸው ነበር። ለዓመታት እንዲህ ብዬ አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ይጽፉታል፣ እኔም ሊቅ እመስላለሁ።

ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር ነበረች። እናታችን ከሞተች በኋላ ለአባቴ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ከጠፋ ብዙ ወር ስለሆነው አለመደወሏ ማንንም አላስደነገጠም። ያን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ለሁሉም ነገር መልስ ነበር።

ኅዳር ሲገባ አንዲት ሴት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራችኝ። የአቀስታ ልጅ ናት፤ ከእህቴ ጋር አንድ ከተማ ስትሠራ ኖራ መመለሷ ነው። ሰላምታውን አበዛችው፣ ደጋገመችው።

«ወንድሜ፣ ወላሂ እኔ ባልሆን ነጋሪህ በወደድኩ» አለችኝ። «ታማ ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም። እዚያው ቀበሯት።»

«መቼ?»

«ረመዳን ሳይገባ። አላህ ያጥናህ፣ አብሽር።»

ረመዳን ሳይገባ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ወር አባቴን «ደህና ናት፣ ኔትወርኩ ነው» ስለው ከርሜያለሁ።

መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ለአጎቴ፣ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ነገርኩት። እሱም ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ፈረደ፦ «ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። አሁን ብንነግረው ሐዘን ይቀመጣል፤ ማን ያጭድለታል? ሰው ሰውን ያስተዛዝናል፣ ዝናብ ግን አያዝንም። ገብሱ ይግባ። ከላላና ደጎሎ ያሉት ዘመዶችም ይድረሱ፤ ከዚያ በማለዳ እንነግረዋለን።» ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። እኔም አልኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ ፈሪ ሰው ነኝና ቀጠሮ እወዳለሁ። ለአጨዳው ደቦ የሚወጡት ጎረቤቶችም አፋቸው እንዳያመልጣቸው ተብሎ ለእያንዳንዳቸው በጆሯቸው ተነገራቸው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አባቴ እሄዳለሁ፤ ቤቱ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ እንቀመጣለን። እህቴ የላከችለትን ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጣል ያደርጋል። ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በሬው እግር እናወራና ወሬው ሲያልቅ «ሌላስ?» ይለኛል። «ሌላ ደህና ነው» እለዋለሁ። ብርድ ልብሱን ያስተካክልና ደግሞ «ሌላስ?» ይላል። ሽምግልናና ብቸኝነት ነው አልኩ።

ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ ይመጣብኝ ጀመር። እዚያ ቤት ውስጥ እህቴ ገና አልሞተችም። አባቴ አላየም፣ አልሰማም፤ ስለዚህ ለእሱ ገና ሁለቱም ናት፤ የሞተችም ያለችም። ያ የምጠላው ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅመኝ መሰለኝ። የተማረ ሰው ሲያዝን እንዲህ ይጃጃላል።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ደርሼ የነበረው እዚያ ምዕራፍ ላይ ነው። «ሰው እስኪያየው ድረስ» ስል ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የሚያየው የግድ ሰው መሆን አለበት? ሰው ከመፈጠሩ በፊት ኤሌክትሮን አይወስንም ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። «ነገ» አልኳት።

ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁትን አሮጌ መጽሐፍ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ የዘለልኩት ገጽ ላይ ተጽፏል። ማየት ማለት የሰው ዓይን አይደለም። አንዲት የአየር ቅንጣት ኤሌክትሮኑን ነክታ፣ በየት እንዳለፈ የሚያሳብቅ ምልክት ይዛ ብትሄድ ይበቃል። ያንን ምልክት ማንም አያንብበው፣ ማንም አይወቀው፤ ዝንጉርጉሩ ግን ጠፍቷል። ባዶ የምንለው ቦታ እንኳ ባዶ አይደለም፤ የማይነካካ ነገር የለም። ለዚህም ነው እንደ ሰው ያለ ትልቅ ነገር ሁለቱንም ሆኖ የማይገኘው፤ ዓለም ሁልጊዜ እየነካችው ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ፤ አጥፉት» አልኳቸው። ማጥፋቱ ለእነሱ ቀላል ነበር። እህቴ የተኛችበት አልጋ ያውቃል፣ የቀበሯት ሰዎች ያውቃሉ፣ መንደሩ በሞላ ያውቃል። አባቴ ስላልሰማ ብቻ በሕይወት የምትቆይበት ምንም ዓይነት ሕግ አልነበረም። ይህን አውቄም አልነገርኩትም። ገብሱ አልገባም ነበር።

ገብሱ ታጨደ፣ ተከመረ፣ በበሬ ተበራየ፣ ጎተራ ገባ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ መሐል ሆነን ወደ አባቴ ቤት ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። አባቴ ተነሥቶ፣ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ለብሶ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ወንድሜ፣ እንግዲህ የእግዜር ሥራ...» ብሎ ጀመረ።

«አታድክም» አለው አባቴ። «አጨዳው ላይ ያ ሁሉ ሰው ወጥቶ አንድ ሰው አልዘፈነም። በሬ ሲነዱ እንኳ ዜማ የለም፤ ተቆጥበው እንደ ሌባ ሠርተው ሄዱ። ያልሞተበት ሰው ገብስ በዝምታ ሲታጨድ አይቼ አላውቅም። ሚስቴን በእጄ ቀብሬያለሁ። ወንዱ ልጄ እፊቴ ያጭዳል። ሌላ ማን አለኝ?»

እኔም እዚያው ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ዝምታውን አልሰማሁትም፤ አፌን መጠበቅ ላይ ነበርኩ።

ሴቶቹ ጮኹ። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። አባቴ ግን አላለቀሰም፤ ያለቀሰው ቀድሞ ነበር፣ ከመጀመሪያው የአጨዳ ቀን ጀምሮ፣ እኔ ወደ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስቀርብ በእጁ አቆመኝ፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«በየቀኑ መጥተህ ስትቀመጥ፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር» አለኝ። «እነሱስ ለገብሱ ነው። አንተ ግን ልጄ ነህ። ብትነግረኝ አብረን እናለቅስ ነበር። ብቻዬን አስለቀስከኝ።»

ይህንን ብሎ ፊቱን ወደ ለቀስተኛው መለሰ። አሁንም እሄዳለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ተማሪዎቼ እናወራለን። የእህቴን ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት አንሥቶ አያውቅም።