ዝናብ የበላው ፊልም

ሀርጌሳ ከመጣሁ ወዲህ ሦስተኛው ሥራዬ መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንዲት አዛውንት መንከባከብ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። አማርኛቸው ከእኔ ሶማሊኛ ይሻላል፤ ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ሸሽተው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

ቤታቸው እንግዳ አይጠፋውም። ሁሉም ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣው ኡድ በሚባለው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ስለሚታወቅ አንድ ሟች ዝነኛ ተጫዋች ሊጠይቃቸው ነው። ኤዶ በወጣትነታቸው ከእሱና ከጓደኞቹ ጋር ይውሉ ነበር። ዜማውን እንዴት ይደርስ ነበር? ማንን ይወድ ነበር? እሳቸው ይመልሳሉ፤ እንግዳው አመስግኖ ይሄዳል።

አንድ ቀን እንግዶቹ ሲወጡ ነገሩ ከነከነኝና፣ «ኤዶ፣ እርስዎስ ከእነሱ ጋር ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ፊልም።»

«ይተውኑ ነበር?»

«ኧረ እኔ ነኝ የምሠራው!»

ከአልጋቸው ሥር አንድ የዛገ የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡኝ። ሲሸሹ ይዘው መውጣት የቻሉት ይህን ብቻ ነው። ውስጡ የነበረውን የፊልም ጥቅል ፈትቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሳው ሰው የለበትም፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ቢጫ ጭረት፣ እንደ ዛፍ ሥር የተሰነጣጠቀ ነገር።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«እነሱም እንዲህ ነበር ያሉት» ብለው ሳቁ።

የከተማዋን ደረቅ ወንዝ ቀርጸው፣ ፊልሙን ካጠቡት በኋላ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ዝናቡ ራሱ ምን እንደሚሥል ለማየት። ሲያወጡት ደግሞ በመርፌ ጫሩት። ለጓደኞቻቸው ባሳዩ ዕለት አንዱ «ማሳያውን አጥፉት!» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ዝነኛው ኡዱን አንስቶ መጫወት ጀመረ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ክፋት አልነበረውም» አሉኝ። «ከሳቃቸው ሊያድነኝ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ፊልሙ ማንም አልጠየቀኝም።»

እኔን ግን ፊልሙ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል የማወቅ ጉጉት ያዘኝ። የፊልም ማሳያ ማሽን ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥራዬን ስጨርስ ፊልሙን መስኮቱ ላይ እየለጠፍኩ እያንዳንዷን ምስል በስልኬ አነሳሁ። ከዚያ በጣቴ ቶሎ ቶሎ ሳሳልፋቸው ሰማያዊው ፈነዳ፣ ቢጫው ሮጠ። በሁሉም ሥር ወንዙ ሲጠማዘዝ ታየኝ።

ኤዶ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። «ፈጠንሽ! ቀስ በይ እንጂ።»

ቀስ አልኩ።

«እንደሱ» አሉ በሹክሹክታ።

በሳምንቱ የመጡት ወንድና ሴት ወጣቶች ስለ ኡድ ተጫዋቹ ሲጠይቁ ኤዶ፣ «መጀመሪያ የእሷን ስልክ እዩ» አሏቸው። ወንዱ በትህትና አይቶ ሰዓቱን ተመለከተ። ልጅቷ ግን ካሜራዋን አጥፍታ አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ «አሸዋው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቆየ?» ብላ ጠየቀች።

ኤዶ ያን ቀን ሲያወሩላት ምሳቸውንም ረሱ። እኔም ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥኩ።