ጥያቄ አያስፈልጋትም የተባለችው ልጅ

«እናቴ፣ ጥያቄውን ይተዉትና ‹የስ ማዳም› ብቻ ያስተምሯት» አለኝ ደላላው፣ ዛሬ ሰቆጣ መናኸሪያ በር ላይ።

የጎረቤቴ ልጅ በእሱ በኩል ለሥራ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። እኔም ከተቀዳደዱ መጻሕፍት የለቃቀምኩትን እንግሊዝኛ ሳስጠናት ሰነበትኩ፤ ለመጠየቅ «ዱ»ን ከፊት ማስቀደም፣ ለእምቢታ «ዶንት» መጨመር።

«ዱ ዩ ሃቭ ማይ ፓስፖርት?» ብላ አጠገቤ የቆመችው ልጅ ደላላውን ራሱን ጠየቀችው።

«ኧረ ይቺ ጠበቃ ሆናለች!» ብሎ ሳቀ። ፓስፖርቱን ግን አላሳየንም።

የእኔ እንግሊዝኛ ሰው ያስደነግጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አይ ዶንት» ብለሽ እምቢ በይ ስላት ደግሞ አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ትለኛለች። እንዲህ አድርገን ያሳደግናት እኛው ነን።

አውቶብሱ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ፓስፖርቷ አሁንም ደላላው ዘንድ ነው።

እዚያ የሠራችሁ እህቶች፣ መጀመሪያ «አይሆንም» ያላችሁት እንዴት ነበር? ጻፉልኝ፤ ሳትተኛ ላንብብላት።