ከጉልላቱ ስር የገቡት አባቴ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ሞጣ ላይ ነው። የማልረሳውም አባቴ ላይ በሕዝብ ፊት የጮኽሁበት ብቸኛ ቀን ስለሆነ ነው።

የብቸና ልጅ ነኝ። የክሬን ሥልጠናዬን ጨርሼ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አልፌአለሁ። አብረውኝ ከተፈተኑት ብዙዎቹ ስለደገሙ ይህን ስናገር ትንሽ እኮራለሁ። ሞጣ የተላክሁት አዲስ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ላይ የብረት ጉልላት ለማስቀመጥ ነበር። አባቴም ሥራዬን ለማየት ከብቸና ድረስ መጡ።

ዙሪያውን ገመድ ወጥረን ሕዝቡን ከውጭ አቆምነው። ጉልላቱ ከሰው ቁመት ከፍ እንዳለ አባቴ ገመዱን አልፈው ገቡ። ለበረከት በእጃቸው ሊነኩት ነው። ከታች ሆኖ በእጁ ምልክት የሚሰጠኝ ባልደረባዬ አባቴ መሆናቸውን ስለሚያውቅ አፍሮ ዝም አላቸው። እሳቸውን ያዩ ሌሎች ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው።

ክሬኑን ቀጥ አድርጌ አቆምሁት። እንዳላወርደው ስሩ ሰው አለ። ወርጄ እንዳልለምናቸው ደግሞ ዕቃ ተንጠልጥሎ እያለ ኦፕሬተር ከመቀመጫው አይነሣም። በእኛ ቤት አባት ቆሞ ልጅ ተቀምጦ አይናገርም። እኔ ግን ተቀምጬ ጮኽሁ።

«አባባ፣ ከስሩ ይውጡ።»

«የምታነሣው አንተ አይደለህ እንዴ? ምን እሆናለሁ?» አሉኝ።

«ጉልላቱን የተሸከመው ሽቦ አባቴ መሆንዎን አያውቅም። ካልወጡ ጉልላቱ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይውላል።»

ከሕዝቡ መካከል አንዱ «አባቱን እኮ ነው» ሲል ሰማሁ። አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከትለው ወጡ።

ጉልላቱን ቦታው ላይ አስቀመጥሁት፤ እልልታው ቀለጠ። ያኔ ወርጄ የአባቴን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ብድግ አደረጉኝና ፊታቸውን ወደ ጉልላቱ መለሱ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ወደ ብቸና ስንመለስ፣ እዚያ የነበረ አንድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አገኘንና «ልጅዎ ደፋር ነው» አላቸው። መውቀሱ ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ለአባቱ ያላደላ ለማንም አያደላም። ቤት ስታሠራ እሱን ጥራ» አሉት።

ያን ጩኸቴን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ነገ ቢገቡም ግን እጮህባቸዋለሁ።